ዕቃን መንደፍ በሁለተኛ ዲግሪ፦ ናይሮቢ ለዲዛይን ተማሪ ምን አላት?

ከናይሮቢ መሀል ከተማ በስተምሥራቅ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚገኘው ካሙኩንጂ በዓይን ከመታየቱ በፊት በጆሮ ይታወቃል። ቀድሞ የሚሰማው የመዶሻ ድምፅ ነው። በጠባብ መተላለፊያዎቹ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ቀጥቃጮች ያገለገለ የዘይት በርሜል ይዘረጋሉ፤ ላሜራውን ቆርጠውና አጥፈው ምድጃ፣ መጥበሻ፣ ባልዲ፣ ለአዳሪ ተማሪ የሚሆን የብረት ሳጥን ያወጣሉ። ኬንያውያን እንዲህ ያለውን ሥራ "ጁዋ ካሊ" ይሉታል። በስዋሂሊ "ጠራራ ፀሐይ" እንደማለት ነው፤ ስሙም ሠራተኞቹ ጣሪያ በሌለበት ሜዳ ፀሐይ እየመታቸው ይሠሩ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። የአዲስ አበባን መርካቶ የሚያውቅ አንባቢ ምናለሽ ተራን ቢያስታውስ አልተሳሳተም።

ከካሙኩንጂ እስከ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ያለው ርቀት በእግር የሚደረስ ነው። በዩኒቨርሲቲው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ክፍል ከመጀመሪያ ዲግሪ በተጨማሪ በዲዛይን የማስተርስና የዶክትሬት ትምህርት ይሰጣል። በሁለቱ ቦታዎች የሚከናወነው ሥራ ሥሩ አንድ ነው፤ ሰው የሚገለገልበትን ዕቃ ማሰብና ቅርፅ መስጠት። ካሙኩንጂ ዲግሪ የሚጠይቅ የለም፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ለማስተርስ የሚያመለክት ሰው የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ መምጣት አለበት።

ስለዚህ ናይሮቢ ውስጥ የምርት ወይም የኢንዱስትሪያል ዲዛይን ማስተርስ ለመማር የሚያስብ ሰው ቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ። ዕቃ ነድፎ የሚሠራ ባለሙያ በሞላበት ከተማ፣ የሁለት ዓመት ተጨማሪ ትምህርት የሚያስገኘው ምንድን ነው?

የቀጥቃጩ፣ የመሐንዲሱና የዲዛይነሩ ድርሻ

"ዲዛይን" የሚለው ቃል በአማርኛ ብዙ ሸክም ተጭኖበታል። ለአንዱ የልብስ ስፌት ነው፣ ለሌላው የሕንጻ ንድፍ፣ ለሦስተኛው የኮምፒውተር ሥዕል። ኢንዱስትሪያል ዲዛይን ከእነዚህ የሚለየው በብዛት ተመርተው ሰው እጅ የሚገቡ ዕቃዎችን የሚመለከት በመሆኑ ነው፦ ወንበር፣ ስልክ፣ የውኃ ማጣሪያ፣ ሞተር ሳይክል፣ የሆስፒታል አልጋ።

ልዩነቱን ለማየት በምሥራቅ አፍሪካ የማይገባበት ቤት የሌለውን ጀሪካን መውሰድ ይበቃል። መሐንዲሱ እጀታው 20 ሊትር ውኃ ይችል እንደሆነ ያሰላል። ዲዛይነሩ ሌላ ጥያቄ ያነሳል። የሚሸከመው ማን ነው? የአሥር ዓመት ልጅ ከሆነች፣ በእጇ ትይዘዋለች ወይስ በጀርባዋ ታዝለዋለች? አፉ ጠቦ እጅ ካላስገባ ውስጡ በምን ይታጠባል? ሲሰነጠቅ የት ይጣላል ወይም ወደ ምን ይለወጣል? ቀጥቃጩ ደግሞ ሁለቱም የማያውቁትን ያውቃል፤ የትኛው ላሜራ በየትኛው ቀን በስንት እንደሚገኝ፣ ገዢው ስንት ሲባል ፊቱን አዙሮ እንደሚሄድ።

በመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው በዋናነት እጁን ያሠለጥናል። መሳል፣ ሞዴል መሥራት፣ የቁሳቁስን ጠባይ ማወቅ፣ በኮምፒውተር መንደፍ ይማራል። በድኅረ ምረቃ ጥያቄው ይለወጣል። "ወንበር ሥራ" የሚለው ትእዛዝ ይቀርና ወንበሩ ማን እንደሚያስፈልገው፣ አሁን በምን ላይ እንደሚቀመጥ፣ አዲሱ ወንበር ከቀድሞው መሻሉ በምን እንደሚረጋገጥ ማጥናት ይመጣል። ተማሪው መስክ ወጥቶ ሰዎች ዕቃን እንዴት እንደሚጠቀሙ ይመለከታል፣ ይጠይቃል፣ ናሙና ሠርቶ ይሞክራል፣ የተሰበረበትንም ምክንያት ይጽፋል። በመጨረሻም የመመረቂያ ጽሑፍ ያቀርባል፤ ጽሑፉ ከዕቃው ያላነሰ ዋጋ አለው፣ ሌላ ሰው ሥራውን ካቆመበት እንዲቀጥል የሚያደርገው እርሱ ነውና።

የዚህ ዓይነቱ ጥናት እስከ የት ሊሄድ እንደሚችል ለመረዳት የኬንያዊውን ፕሮፌሰር ሙጌንዲ ምሪታን መንገድ መከተል ይጠቅማል። ዲዛይንን በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ጀመሩ፤ ለማስተርስ ወደ ሕንድ ተሻግረው በቦምቤይ የቴክኖሎጂ ተቋም ሥር በሚገኘው የኢንዱስትሪያል ዲዛይን ማዕከል ተማሩ። ዶክትሬታቸውን የሠሩት በደቡብ አፍሪካ ነው። የጥናታቸው ርዕሰ ጉዳይ አንድ የተለየ ዕቃ አልነበረም። ኬፕታውን ለ2010 የዓለም ዋንጫ ስትሰናዳ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው) ያ ሁሉ ግንባታ አካል ጉዳተኛውም፣ አረጋዊውም፣ ልጅ ያዘለችውም እናት እኩል የሚገለገሉበት ከተማ ለመፍጠር አጋጣሚ ይሆን እንደሆነ መረመሩ።

ምሪታ ከ2015 እስከ 2017 የዓለም ዲዛይን ድርጅትን በፕሬዝዳንትነት መርተዋል። በ1957 የተመሠረተውን ይህን ድርጅት በመምራት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ናቸው። በኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰው ከናይሮቢ ብዙም በማይርቀው የማቻኮስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ቀጥለዋል። ለማስተርስ አውሮፓን ሳይሆን ሕንድን መምረጣቸው ልብ ሊባል ይገባል። ሕንድ ከነጻነቷ በኋላ ብዙም ሳትቆይ፣ በ1961፣ በአሕመዳባድ ብሔራዊ የዲዛይን ተቋም ከፍታለች። የተባበሩት መንግሥታት የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅት በ1979 ዲዛይን ለታዳጊ አገራት ልማት ስላለው ድርሻ መግለጫ እንዲወጣ ያደረገውም በዚያው ተቋም በተካሄደ ስብሰባ ነበር። የእጅ ባለሙያው በሚሊዮኖች በሚቆጠርበት አገር ዲዛይን ምን መሆን አለበት የሚለውን ጥያቄ ሕንዶች ከሌሎች ቀድመው ተከራክረውበታል።

ከደቡብ አፍሪካ የመጣው መምህር

ጥያቄው ለናይሮቢም አዲስ አይደለም። የዛሬው ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው በቅኝ ግዛት ዘመን፣ በ1956 ተማሪ በተቀበለው ሮያል ቴክኒካል ኮሌጅ ነው። ኬንያ በ1963 ነጻ ስትወጣ ኮሌጁ የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ በ1970 ራሱን የቻለ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት መካከል፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ሴልቢ ምቩሲ የሚባሉ ደቡብ አፍሪካዊ ሠዓሊና መምህር ወደ ናይሮቢ መጡ።

ምቩሲ በ1929 በናታል የተወለዱ፣ በአሜሪካ የተማሩ፣ በጋናዋ ኩማሲም ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ናይሮቢ ውስጥ ከባልደረባቸው ዴሪክ ሞርጋን ጋር ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የዲዛይን መሠረታዊ ኮርስ አቋቋሙ። በዚያ ዘመን ከአፍሪካዊ የጥበብ ተማሪ የሚጠበቀው ብዙውን ጊዜ ያለፈውን መድገም ነበር፤ ጭምብል መቅረጽ፣ "ባህላዊ" የሚባል ጌጥ ማምረት፣ ለጎብኚ የሚሸጥ ነገር መሥራት። ምቩሲ ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። የናይሮቢ ወጣት አውቶቡስ የሚሳፈር፣ ሬዲዮ የሚያዳምጥ፣ የፋብሪካ ዕቃ የሚገዛ የዘመኑ ሰው ነው፤ ስለዚህ ዲዛይነር ሆኖ የሚጠበቅበት ያለበትን ጊዜ ተረድቶ ቅርፅ መስጠት ነው የሚል ነበር አቋማቸው።

ሐሳባቸውን እስከ ፍጻሜው ለማድረስ ዕድሜ አልሰጣቸውም። በ1967 በመኪና አደጋ ሕይወታቸው አለፈ፤ ገና አርባ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ኮርሱን የጀመሩት ለጥቂት ተማሪዎች፣ ለአጭር ጊዜ ቢሆንም፣ የዲዛይን ታሪክ ተመራማሪዎች ዛሬም ወደ እርሱ ይመለሳሉ። የአፍሪካ የዲዛይን ትምህርት ከሌላ አህጉር የተቀዳ ብቻ ነው ለሚል ሰው ቀላል መልስ የሚነፍግ ታሪክ ነውና።

አንድ ነገር ግን በምቩሲ ክርክር ውስጥ ገና አልጎላም ነበር። ኮሌጁ የወደፊቱን የፋብሪካ ዲዛይነር ሲያሠለጥን፣ ከግቢው ውጪ ሌላ ዓይነት ኢንዱስትሪ እያደገ ነበር። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1972 ስለ ኬንያ ባወጣው ዘገባ ይህን ዘርፍ "ኢ-መደበኛ" ብሎ ሲጠራው ቃሉ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። ዛሬ ከአነስተኛ እርሻ ውጪ በኬንያ ካለው ሥራ ከአምስቱ አራት እጅ የሚበልጠው በዚሁ ዘርፍ ያለ ነው። ፕሬዝዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ በ1980ዎቹ አጋማሽ ካሙኩንጂን ጎብኝተው ለሠራተኞቹ መጠለያ እንዲሠራ አዘዙ፤ የ"ጠራራ ፀሐይ" ሰዎች ከዚያ ወዲህ ከፊላቸው ጣሪያ አገኙ፤ ስሙ ግን አልተቀየረም።

የከሰል ምድጃው

የናይሮቢ የዲዛይን ተማሪ ሌላ ምንም ባያነብ ስለ አንድ ዕቃ ማንበብ አለበት፤ ስለ ኬንያ የሸክላ ጂኮ። "ጂኮ" በስዋሂሊ ምድጃ ነው።

የቀድሞው ጂኮ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ ነበር። የባቡር ሐዲድ ሊዘረጉ ከሕንድ የመጡ ሠራተኞች እንዳስተዋወቁት ይነገራል። ርካሽ ነው፣ በየትኛውም ቀጥቃጭ እጅ ይሠራል፤ ችግሩ ሙቀቱ ነው። ብረቱ ራሱ ስለሚግል ከከሰሉ ሙቀት ድስቱ ጋ የሚደርሰው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ብቻ ነበር፤ የቀረው ወደ ጎን ይባክናል፣ ምግብ አብሳይዋንም ልጇንም ያቃጥላል። ናይሮቢ በ1981 የተባበሩት መንግሥታትን የአዲስና ታዳሽ ኃይል ጉባኤ ስታስተናግድ የማገዶ እጥረት ዓለም አቀፍ መነጋገሪያ ነበር፤ ለተሻለ ምድጃ ገንዘብም ባለሙያም የተገኘው በዚያ ሰሞን ነው።

መነሻው ከታይላንድ መጣ። ታይላንዶች የሚጠቀሙበት፣ ውስጡ በሸክላ የተለበጠ ባልዲ መሰል ምድጃ አላቸው። ማክስዌል ኪንያንጁዊን የመሳሰሉ ኬንያውያን ባለሙያዎችና የውጭ ባልደረቦቻቸው ሐሳቡን ወስደው እንዳለ ለመቅዳት ሲሞክሩ አልሆነም። ሸክላና ብረት ሲሞቁ የሚሰፉበት መጠን ስለሚለያይ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ ሙሉ በሙሉ በሸክላ የተለበጠው ምድጃም ከባድና ውድ ሆነ። ደጋግመው ናሙና ሠሩ፣ ለባለሙያ እናቶች ሰጥተው አስሞከሩ፣ አስተያየት ተቀብለው እንደገና ሠሩ። በመጨረሻ የተገኘው ቅርፅ ወገቡ የጠበበ፣ ላይና ታቹ የሰፋ ነው። ሸክላው ያለው በላይኛው ግማሽ፣ እሳቱ ባለበት ብቻ ነው፤ የወገቡ ጥበት ሸክላውን ደግፎ ይይዘዋል፣ ሰፊው ሥር ደግሞ ኡጋሊ በኃይል ሲማሰል ምድጃው እንዳይንገዳገድ ያደርጋል። ወደ ድስቱ የሚሄደው ሙቀት ከ25 እስከ 40 በመቶ ደረሰ።

ከቅርፁ ያላነሰ ብልኃት ያለው በአሠራሩ ነው። ሸክላውን ሸክላ ሠሪዎች በምድጃቸው ይተኩሳሉ፤ ብረቱን የካሙኩንጂ ቀጥቃጮች እንደ ወትሯቸው ከአሮጌ በርሜል ይቆርጣሉ፤ ሁለቱን ገጥሞ የሚሸጠው ሌላ ነው። አዲስ ፋብሪካ አልተተከለም። የቀጥቃጩ መሣሪያ ያው መዶሻና መቀስ ሆኖ ቀረ፤ የተለወጠው የሚቆርጠው ቅርፅ ነው። ሥራው የፈጠራ መብት ስላልተመዘገበበትም ማንም ሰው ያለፈቃድ ቀዳው፤ ውድድሩ ዋጋውን አወረደው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከኬንያ የከተማ ቤተሰቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይጠቀሙበት ነበር። ጥራቱ የወረደ ቅጂም አብሮ ተስፋፋ፤ በቶሎ የሚሰነጠቅ ሸክላ፣ ሳስቶ የተቆረጠ ላሜራ። ከዚህ የነጻነት ዋጋ ማምለጫ አልተገኘም።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ምድጃ ቤቱ ውስጥ ያውቀዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ "ላቀች" ተብሎ ገበያ የወጣው የከሰል ምድጃ ከኬንያው ጂኮ የተወሰደ፣ ለኢትዮጵያ ማብሰያ እንዲስማማ ተደርጎ የተሻሻለ ነው። እንጀራ ግን ሌላ ነገር ጠየቀ። የሰፊ ምጣድን ሙቀት ከዳር እስከ ዳር እኩል የሚያዳርስ ንድፍ ከናይሮቢም ከባንኮክም ሊቀዳ አይችልም ነበርና "ምርጥ" የተባለው ከሲሚንቶ ውሁድ የሚሠራው ተገጣጣሚ የእንጀራ ምድጃ እዚያው ኢትዮጵያ ውስጥ ታስቦ ተሠራ። በአንድ ማእድ ቤት ጎን ለጎን የሚቀመጡት ሁለቱ ምድጃዎች ለዲዛይን ተማሪ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ናቸው፤ አንዱ የጎረቤትን መፍትሔ ማስማማት ሲበቃ፣ ሌላው ከባዶ መጀመር ሲያስፈልግ።

ገበያ የፈተናቸው

ጂኮን የሠሩት ሰዎች ከዲዛይን ማስተርስ ክፍል የወጡ አልነበሩም። ሌላውን የናይሮቢ ዝነኛ ዕቃ፣ በእግር እየተረገጠ ውኃ የሚስበውን ፓምፕ፣ ያወጡትም እንዲሁ። ማርቲን ፊሸር በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በምህንድስና ዶክትሬት የሠሩ፣ ኒክ ሙን ደግሞ ለንደን ውስጥ የእንጨት ሥራ ድርጅት የነበራቸው ናቸው። ሁለቱ በ1991 ናይሮቢ ውስጥ ያቋቋሙት፣ ዛሬ ኪክስታርት የሚባለው ድርጅት ለአነስተኛ ገበሬዎች ዝቅ ባለ ዋጋ የሚሸጡ መሣሪያዎችን ነደፈ። ዶክትሬትና የአናጺ እጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚወጣ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ስለ ፓምፑ ከሚነገሩት አንዱ መርገጫውን የሚመለከት ነው። ከፍ ብሎ የተሠራ መርገጫ ላይ ቆማ የምትረግጥ ሴት ዳሌዋ ሲወዛወዝ በሰው ፊት ትታያለች፤ ይህ ደግሞ በገጠሩ ማኅበረሰብ ዘንድ እንደ ነውር የሚታይ ነው። ስለዚህ መርገጫው ወደ መሬት ዝቅ እንዲል ተደረገ። ይህን ሊያሳይ የሚችል ስሌት የለም፤ የሚታወቀው ማሳው ድረስ ሄዶ፣ ሴቶቹ ለምን እንደማይረግጡ በመጠየቅ ነው። የማስተርስ መርሐ ግብሮች የመስክ ጥናት ላይ ሙጭጭ የሚሉት ለዚህ ነው።

በቅርብ ዓመታት ናይሮቢ ውስጥ የወጡ ምርቶች ዲዛይን ከዕቃው ቅርፅ አልፎ እንደሚሄድም አሳይተዋል። ኤም-ኮፓ ከ2012 ጀምሮ የሸጠው የፀሐይ ኃይል መብራት በራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲሱ ነገር አከፋፈሉ ነው፤ ደንበኛው በሞባይል ገንዘብ ጥቂት በጥቂቱ ይከፍላል፣ ካልከፈለ መሣሪያው ከርቀት ይዘጋል። በ2017 የተመሠረተውና ዛሬ ሮም በሚል ስም የሚታወቀው ኩባንያ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሉን ሲሠራ በዓይነ ሕሊናው የነበረው ቀኑን ሙሉ ሰውም ጆንያም የሚጭነው የቦዳ ቦዳ ነጂ ነው።

የከሸፈም አለ። ሞቢየስ የተባለው የኬንያ መኪና ሠሪ ለአፍሪካ አስቸጋሪ መንገድ የሚሆን፣ ቅንጦት የተቀነሰለት ጠንካራ መኪና ይዞ ሲነሳ ሐሳቡ ብዙ ምስጋና አግኝቶ ነበር። ኩባንያው በ2024 ሥራ ሊያቆም መሆኑን አስታወቀ፤ ጥቂት ቆይቶም ገዢ መገኘቱ ተነገረ። የኬንያ መንገዶች ከጃፓን በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች የተሞሉ ናቸው። ለችግሩ ትክክለኛ መልስ የሚመስል ንድፍ፣ ገዢው በዚያው ገንዘብ ምቹ ያገለገለ መኪና የሚያገኝ ከሆነ፣ መሸጡ አጠራጣሪ ነው። ይህን ማጥናት በራሱ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል።

ዩኒቨርሲቲውና ገበያው የሚገናኙበት በርም አለ፤ ጠባብ ቢሆንም። በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ፋብ ላብ የተባለው ወርክሾፕ በኮምፒውተር የሚታዘዙ መቁረጫዎችና የሦስት አውታር ማተሚያዎች አሉት፤ ከኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ጋር በተሠራ ፕሮጀክት ለአራስ ሕፃናት ክፍል የሚሆኑ መሣሪያዎችን አገር ውስጥ ለመሥራት ተሞክሯል። ጊርቦክስ የተባለው የጋራ ወርክሾፕም ውድ ማሽን መግዛት ለማይችል ጀማሪ በሩን ከፍቷል። እነዚህ በመሐንዲስና በዲዛይነር መካከል ያለው ግድግዳ የሚሳሳባቸው ቦታዎች ናቸው።

ንድፉ የማን ነው?

የድኅረ ምረቃ ተማሪ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚያስበው ጉዳይ ባለቤትነት ነው። በኬንያ የአንድን ዕቃ ቅርፅና ገጽታ በኢንዱስትሪያል ዲዛይንነት የሚመዘግበው የኬንያ ኢንዱስትሪያል ንብረት ኢንስቲትዩት ነው፤ የሚመራው በ2001 በወጣው ሕግ ነው። ምዝገባው ለአምስት ዓመት ይጸናል፣ ሁለት ጊዜም ይታደሳል፤ በጠቅላላው 15 ዓመት። የኢትዮጵያ ሕግም፣ በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 123፣ ተመሳሳይ ዘመን ይሰጣል፤ አምስት ዓመትና ሁለት እድሳት። በሁለቱም አገሮች ዲዛይኑ አዲስ መሆን አለበት። ሥራውን በምረቃ ኤግዚቢሽን ላይ አሳይቶ፣ ፎቶውንም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለጥፎ፣ ከዚያ በኋላ ለምዝገባ የሚሮጥ ተማሪ አዲስነቱን ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይከትተዋል።

ከዚህ የከበደው ሌላው ጥያቄ ነው። ተማሪው ካሙኩንጂ ሄዶ አንድ ወር ከቀጥቃጮች ጋር ሲቀመጥ የሚያየው መላ የእነርሱ ነው። እንዴት እንደሚታጠፍ፣ የት ላይ ሪቬት እንደሚመታ፣ ከየትኛው በርሜል ስንት እንደሚወጣ፣ ሁሉም በልምድ የተገኘ ዕውቀት ነው። ያንን ወስዶ በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ስሙን ቢያሰፍር፣ ከዚያም ቅርፁን ቢያስመዘግብ፣ ሕጉ ሊከለክለው ይቸገር ይሆናል። ቀጥቃጩ ግን ነገ ያንኑ ዕቃ ሲሠራ "ሰርቀሃል" ሊባል ነው። ጥሩ አማካሪ መምህር ይህን ጉዳይ የሚያነሳው ገና በመጀመሪያው የጥናት ዕቅድ ላይ ነው። የጂኮ ሰዎች መፍትሔ፣ ለሁሉም ክፍት አድርጎ መተው፣ ምድጃውን አስፋፍቷል፤ ነገር ግን ነዳፊው በንድፉ እንዲተዳደር አያስችልም። ማስተርሱን በብድር የተማረ ወጣት ይህን ሳያሰላ አይውልም።

ሥራ ፍለጋውም በዚሁ ይወሰናል። በኬንያ መሐንዲስና አርክቴክት በሕግ የተቋቋመ መዝጋቢ ቦርድ አላቸው፤ ኢንዱስትሪያል ዲዛይነር ግን በዚያ መልክ የሚታወቅበት ፈቃድ የለውም። ተመራቂዎች ወደ ማስተማር፣ ወደ ስልክ መተግበሪያዎች ንድፍ፣ ወደ ዕርዳታ ድርጅቶች ይገባሉ፤ የራሳቸውን የቤት ዕቃ ወርክሾፕ የሚከፍቱም አሉ። በቋሚነት "የምርት ዲዛይነር" ብሎ የሚቀጥር የአገር ውስጥ ፋብሪካ ማግኘት ከባድ ነው።

ከኢትዮጵያ ለሚያመለክት

በኬንያ ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተርስ የተለመደው መስፈርት ከፍተኛ ሁለተኛ ማዕረግ ያለው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ዝቅ ያለ ማዕረግ ያለው የሥራ ልምድ እንዲያክል ሊጠየቅ ይችላል። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ውጤትን የሚገልጹት በአማካይ ነጥብ በመሆኑ፣ ነጥቡ ከየትኛው ማዕረግ ጋር እንደሚስተካከል የሚያሳይ ማስረጃ አስቀድሞ ማዘጋጀት ጊዜ ይቆጥባል። በአዲስ አበባ ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት፣ ከሥነ ሕንጻ ወይም ከሜካኒካል ምህንድስና የሚመጣ አመልካች ከሁሉ በላይ የሚመዘንበት ፖርትፎሊዮው ነው። ያለቀለት ዕቃ ፎቶ ብቻ የሞላበት ፖርትፎሊዮ ብዙ አይናገርም፤ የተጣሉት ንድፎች፣ የተሰበሩት ናሙናዎችና የተቀየሩበት ምክንያት ቢገቡበት ግን አመልካቹ እንዴት እንደሚያስብ ያሳያል።

ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። መስክ ላይ ግን ዋጋ የሚጠየቀውም፣ ቀልድ የሚቀለደውም በስዋሂሊና በወጣቶቹ ሼንግ ነው፤ ስዋሂሊ ያልጀመረ ተማሪ በአስተርጓሚ ይወሰናል። የውጭ ዜጋ ከኢሚግሬሽን የተማሪ ፈቃድ ማውጣት አለበት። መስክ ለመውጣት ደግሞ ከብሔራዊ የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ኮሚሽን የምርምር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህን እስከ ሁለተኛው ዓመት ያዘገየ ሰው ጥናቱ ወረቀት ሲጠብቅ ይቆማል።

ክፍያው ላይ ኢትዮጵያዊ አመልካች ሊያጣራ የሚገባው አንድ ነጥብ አለ። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ባለመሆኗ ተማሪዎቿ የአባል አገራቱን ያህል ሳይሆን የውጭ ተማሪን ክፍያ ሊጠየቁ ይችላሉ። ከናይሮቢ ወጣ ብላ በምትገኘው ጁጃ፣ በጆሞ ኬንያታ የእርሻና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው የአፍሪካ ኅብረት የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ተቋም ከመላው አህጉሩ ለሚመጡ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች ነጻ የትምህርት ዕድል ይሰጣል። ዕድሉ የተዘጋጀው ግን ለሒሳብ፣ ለባዮቴክኖሎጂና ለምህንድስና ዘርፎች ነው። ዲዛይን በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ወደዚያ በር ለመግባት የሚፈልግ ዲዛይነር ጥያቄውን በምህንድስና ቋንቋ ጽፎ፣ የምህንድስና ዲግሪ ይዞ መምጣት ይኖርበታል።